የምርመራ ልቦለድ ለመካከለኛ ክፍል ተማሪዎች፦ ከካናዳ መጻሕፍት የትኞቹን እንምረጥ? በፎገራስ እንዴት እናስተምርባቸው?



ስለ ንባብ ትምህርት ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የምንወያየው ፊደል ስለ ማስቆጠር ነው። ተገቢም ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በልዩ ልዩ ክልሎች የተደረገው የንባብ ፈተሻ፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ይህን የሰማ መምህር ፊደል ላይ ቢያተኩር አይፈረድበትም። በዛሬው ጽሑፋችን ልናነሣ የፈለግነው ግን ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ችግር ነው። ፊደሉን ለይቶ፣ ቃሉን አንብቦ፣ አራተኛና አምስተኛ ክፍል የደረሰው ልጅ ከዚያ ወዲያ ምን ያነባል? ለምንስ ብሎ ያነባል?

የመማሪያ መጽሐፉን ያነባል እንዳንል፣ እሱን የሚያነበው ለፈተና ነው። ፈተናው ሲያልፍ ንባቡም ያልፋል። ከወረታ ከተማ ወጣ ብሎ በጉማራና በርብ ወንዞች መካከል ባለው የፎገራ ሜዳ የሚኖር ልጅ ደግሞ ከንባብ የሚያዘናጋው ብዙ ነው። ክረምቱ ውኃ ነው፣ ጭቃ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ የሩዝ አጨዳ ነው። በጋው የሽንኩርት መስኖ ነው። ከብቱም ጠባቂ ይፈልጋል። በዚህ ሁሉ ላይ እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ግጭት ከተነሣ ወዲህም እጅግ ብዙ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። እንግዲህ አንድ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ አንድም መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ሳይጨርስ ትምህርቱን ሊያቋርጥ ይችላል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ማንበብ ይችላል እንጂ አንባቢ አልሆነም።

ታዲያ ልጁን እስከ መጨረሻው ገጽ ጎትቶ የሚያደርሰው ምን ዓይነት መጽሐፍ ነው? መልሳችን አጭር ነው፤ የምርመራ ልቦለድ ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለማስተማር ልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች የሚሰማሩ ሠልጣኞች ሊመርጧቸው የሚችሉ ጥቂት የካናዳ መጻሕፍትን ለመጠቆምና በፎገራ ዓይነት አካባቢ እንዴት እንደሚያስተምሩባቸው ለማሳየት ነው።

፩. የምርመራ ልቦለድ ምንድን ነው?

የምርመራ ልቦለድ ማለት አንድ ምሥጢር ተነሥቶ፣ ፍንጭ ተለቅሞ፣ ተጠርጣሪ ተመዝኖ፣ በመጨረሻ እውነቱ የሚገለጥበት ታሪክ ነው። ከሌላው ልቦለድ የሚለየው አንባቢውን ሥራ የማያስፈታ በመሆኑ ነው። ልጁ ከመርማሪው እኩል ያስባል፣ ይገምታል፣ ይሳሳታል፣ ወደ ኋላ ገልጦ ያያል። «ማን አደረገው?» የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ይነሣዋል። አንብብ የሚለው ሰው ሳይኖር ያነባል።

አንዳንድ ሰው ይኼ የፈረንጅ ነገር ነው ይል ይሆናል። አይደለም። የእኛ ልጅ ገና አፉን ሲፈታ ጀምሮ በምድጃ ዳር «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» እያለ ያደገ ነው። መልሱ ሲያቅተው አገር ሰጥቶ ይገላገላል። እንቆቅልሽ እኮ ትንሽ የምርመራ ልቦለድ ነው፤ ፍንጩ ተሰጥቷል፣ መልሱ ተሸሽጓል፣ የሚያስፈልገው ማሰብ ነው።

ወንጀል አጣርቶ የማውጣትም ልማድ ነበረን። በአውጫጭኝ ጊዜ የአንድ አካባቢ ሕዝብ አደባባይ ይሰበሰባል፤ የሰማ የሰማውን፣ ያየ ያየውን እንዲናገር ይደረጋል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅም ጉባኤው ይቀጥላል። በሌላ በኩል ሌባሻይ የሚባል ነበር። ለአንድ ልጅ የሚጠጣ ነገር ይሰጡትና እየነዳ ይሄዳል፤ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል። ኋላ ይህ አሠራር ተከልክሏል።

እነዚህን ሁለት ልማዶች ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአውጫጭኝ እውነት የሚፈለገው በምስክር ነው። በሌባሻይ ግን ያለ ማስረጃ ሰው ይወነጀላል። እ.ኤ.አ. በ1929 ሮናልድ ኖክስ የተባለው እንግሊዛዊ ጸሐፊና ቄስ ለምርመራ ልቦለድ 10 ደንቦችን አውጥቶ ነበር። ከእነዚያ ውስጥ አንዱ በታሪኩ ውስጥ ከተፈጥሮ ውጭ የሆነ ኃይል አይግባ የሚል ነው። ሌላው መርማሪው ያገኘው ፍንጭ ሁሉ ለአንባቢውም ይገለጥ ይላል። በሌላ አነጋገር በምርመራ ልቦለድ ሌባሻይ ክልክል ነው። ለልጆች የምንሰጠው ትልቁ ትምህርት ይኼ ነው፤ መጠርጠር አንድ ነገር ነው፣ ማረጋገጥ ሌላ ነገር ነው።

፪. ለምን ካናዳ?

ካናዳ ለትምህርታችን እንግዳ አይደለችም። በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አዲስ አበባ ሲከፈት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ሉሲየን ማት ካናዳዊ ነበሩ። ኮድ የተባለው የካናዳ ድርጅትም ከኮድ-ኢትዮጵያ ጋር ሆኖ የሕዝብ ንባብ ቤቶችን በመጻሕፍት ሲረዳ ኖሯል። ይሁን እንጂ የካናዳን መጻሕፍት የመረጥንበት ዋና ምክንያት ለእኛ ለመምህራን የሚበጅ ነገር ስላለባቸው ነው።

ኤሪክ ዊልሰን ካናዳዊ መምህር ነበር። የሚያስተምራቸው ልጆች ማንበብ አይወዱም ነበር። ብዙ መምህር እንዲህ ዓይነት ክፍል ሲገጥመው ልጆቹን ይወቅሳል። እሱ ግን ችግሩ የልጆቹ ብቻ ላይሆን ይችላል፣ የመጽሐፉም ሊሆን ይችላል ብሎ አሰበ። ስለሆነም ራሱ መጻፍ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1976 «መርደር ኦን ዘ ካናዲያን» የተባለው መጽሐፉ ታተመ። ቶም ኦስተን የተባለ ልጅ «ካናዲያን» በሚባለው ባቡር ከዊኒፔግ ወደ ምዕራብ ሲጓዝ በባቡሩ ላይ ግድያ ይፈጸማል፤ ቶምም ነገሩን ለማወቅ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ዊልሰን ስለ ቶምና ስለ እኅቱ ስለ ሊዝ ብዙ መጻሕፍት ጽፏል። አንዱ በቫንኩቨር፣ አንዱ በዊኒፔግ፣ አንዱ በሉነንበርግ እያለ የካናዳን ከተሞች ያዳርሳል። ልጁ የሚያውቀው መንገድ፣ የሚያውቀው ባቡር፣ የሚያውቀው ወደብ በመጽሐፍ ሲገባ ያያል ማለት ነው።

ይህን ልብ እንበል። ዊልሰን ለልጆቹ የሰጣቸው የሩቅ አገር ተረት ሳይሆን የገዛ አገራቸውን በምሥጢር ሞልቶ ነው። ከካናዳ የምንማረው ዋናው ነገር ይህ ሲሆን፣ ወደ ኋላ ላይ ወደ ፎገራ ስንመለስ እንጠቀምበታለን።

፫. የምንመርጣቸው መጻሕፍት

ቀጥሎ የቀረቡት ሁሉ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። የክፍል ደረጃውን የለየነው በቋንቋው ክብደት ብቻ ሳይሆን በታሪኩም ጠባይ ነው።

ሀ/ «ዘ ታወር ትሬዠር» (እ.ኤ.አ. 1927)። ሃርዲ ቦይስ በሚባለው ተከታታይ ውስጥ የመጀመሪያው ነው። በሽፋኑ ላይ ፍራንክሊን ደብልዩ ዲክሰን የሚል ስም ቢኖርም ይህ የብዕር ስም ነው፤ የመጀመሪያዎቹን መጻሕፍት የጻፈው በኦንታሪዮ ያደገው ካናዳዊው ጋዜጠኛ ሌስሊ ማክፋርሌን (1902–1977 እ.ኤ.አ.) ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በአሜሪካ ነው። ከአንድ ትልቅ ቤት ጌጣጌጥ ይሰረቃል፤ የቤቱ ጠባቂ ይጠረጠርና ሥራውን ያጣል፤ ልጁም ቤተሰቡን ለመርዳት ትምህርቱን ለማቋረጥ ይገደዳል። ሁለቱ ወንድማማቾች ፍራንክና ጆ የጓደኛቸውን አባት ስም ለማጥራት ይነሣሉ። ይህን መጽሐፍ ከሁሉ አስቀድመን የምንመክረው ለዚህ ነው። አባቱ ሥራ ስላጣ ትምህርቱን የሚተው ልጅ ለፎገራ ተማሪ የሚከብድ እንቆቅልሽ አይደለም። ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ለሚያስተምር መምህር ይሆናል።

ለ/ «መርደር ኦን ዘ ካናዲያን» (1976 እ.ኤ.አ.)። ከፍ ብሎ ተገልጿል። ምዕራፎቹ አጫጭር፣ ዓረፍተ ነገሮቹም ቀላል ናቸው። ግድያ ስላለበት ከ7ኛ ክፍል በታች ባይነገር ይመረጣል። ባቡር ያላየ ልጅ እንዲገባው ከባሕር ዳር ጎንደር በሚመላለሰው አውቶቡስ ይመሰልለት፤ ማንም እንደ ልቡ መውረድ የማይችልበት መኪና ውስጥ ጥፋት ቢፈጸም ጥፋተኛው ከተሳፋሪዎቹ አንዱ መሆኑ አይቀርም። ይህ ከገባው ታሪኩ ገባው።

ሐ/ የሊንዳ ቤይሊ የስቲቪ ዳይመንድ ታሪኮች። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ሲሆን ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ጥሩ ጥሩው ፍንጭ ለምን ሁልጊዜ ቆሻሻ ውስጥ ይገኛል?» እንደ ማለት ነው። መርማሪዋ ሴት ልጅ ናት። ግድያ የለበትም፤ የጠፋው ለበጎ ሥራ የተሰበሰበ ገንዘብ ነው። ቀልድም ሞልቶበታል። ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ይስማማል። ሴት ተማሪዎች በክፍል ውስጥ እጅ ለማውጣት በሚያፍሩበት ቦታ ሴት መርማሪ ያለችበትን ታሪክ ማስቀደም ብልኅነት ነው።

መ/ «ሚስትሪ አት ሌክ ፕላሲድ» (1995 እ.ኤ.አ.)። የጻፈው ሮይ ማክግሬጎር ነው። ከአንዲት ትንሽ ከተማ የመጡ ልጆች ለውድድር ሲሄዱ ቡድናቸውን ሊያሰናክል የሚፈልግ ሰው ይነሣባቸዋል። ጨዋታው በበረዶ ላይ የሚደረግ ሆኪ ስለሆነ ለእኛ ልጅ እንግዳ ነው። መምህሩ ግን ጨዋታውን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረድቶ ማለፍ ይችላል፤ ውድድርን፣ ቡድንንና ቅናትን ኳስ ተጫዋች ልጅ ሁሉ ያውቃቸዋል። ለ6ኛና ለ7ኛ ክፍል ይሆናል።

ሠ/ «ዘ ቦይ ኢን ዘ በርኒንግ ሃውስ» (2000 እ.ኤ.አ.)። የቲም ዊን-ጆንስ መጽሐፍ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2002 ለወጣቶች ከተጻፉ የምርመራ መጻሕፍት መካከል ተመርጦ የኤድጋር ሽልማት አግኝቷል። የገበሬ ልጅ ነው፤ አባቱ ከጠፋ ቆይቷል፤ አንዲት ልጅ መጥታ አባትህን የገደለው የእንጀራ አባቴ ነው ትለዋለች። ሐዘንና ፍርሃት ያለበት ከባድ መጽሐፍ ነው። ከ8ኛ ክፍል በታች ባይቀርብ እንመክራለን። በቅርቡ ቤተሰቡን ያጣ ልጅ ባለበት ክፍል ደግሞ መምህሩ አስቀድሞ ያስብበት።

በአማርኛስ የለም ወይ? አለ። ይልማ ሀብተየስ በወንጀል ምርመራ ልቦለዶቻቸው፣ ማሞ ውድነህም የስለላ መጻሕፍትን በመተርጎም ይታወቃሉ። ነገር ግን እነዚህ የተጻፉት ለአዋቂ ነው። ለሠልጣኙ ለራሱ ጥሩ ንባብ ናቸው፤ ታሪክ እንዴት እንደሚንጠለጠል ያስተምሩታል። ለ12 ዓመት ልጅ ግን እንዳሉ አይሰጡም።

፬. አንድ መጽሐፍ፣ ስልሳ ተማሪ፦ እንዴት ይቻላል?

አሁን ከአንባቢያን አንዱ እንዲህ ማለቱ አይቀርም፤ «መልካም ብላችኋል። ግን እኔ የምሄድበት ትምህርት ቤት እንኳን የካናዳ መጽሐፍ የመማሪያ መጽሐፍም አልተዳረሰ። ልጆቹም እንግሊዝኛውን አይችሉትም። ምን ዋጋ አለው?»

ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱም ስልሳ መጽሐፍ አያስፈልግም የሚል ነው። አንድ መጽሐፍ ይበቃል፤ እሱም በመምህሩ እጅ ያለው ነው። መምህሩ በእንግሊዝኛ አንብቦ በአማርኛ ይተርካል። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

ሀ/ መምህሩ መጽሐፉን አስቀድሞ ይጨርስ። መጨረሻውን ሳያውቅ መተረክ የጀመረ መምህር ፍንጩን ያልፈዋል። ሲያነብም በማስታወሻው ላይ ፍንጮቹን በየምዕራፋቸው ይጻፍ።

ለ/ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየጊዜው 15 ደቂቃ፣ አንድ ምዕራፍ ይተረክ። ልክ ነገሩ ሲከር ይቁም። ልጆቹ «ቀጥል! ቀጥል!» ቢሉ አይቀጥል። ያ ጩኸት ነው የሚፈለገው።

ሐ/ በሰሌዳው ወይም በግድግዳ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ ይሠመር። በመጀመሪያው «ያየነው»፣ በሁለተኛው «የጠረጠርነው»፣ በሦስተኛው «ያረጋገጥነው» ተብሎ ይጻፍ። ከየምዕራፉ በኋላ ልጆቹ እየተነሡ ራሳቸው ይጻፉ። የጽሕፈት ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። ከሁለተኛው ዓምድ ወደ ሦስተኛው የሚሻገር ነገር ማስረጃው ይጠየቅ።

መ/ ከመጨረሻው ምዕራፍ በፊት ተረቱ ይቋረጥ። እያንዳንዱ ልጅ «ጥፋተኛው እገሌ ነው፤ ምክንያቱም...» ብሎ አምስት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ወረቀቱ ተሰብስቦ ይታረም። መልሱን ማግኘቱ ሳይሆን ምክንያቱ ይታረም። ጥፋተኛውን ቢስትም ፍንጩን በደንብ ያቀናበረ ልጅ፣ በግምት ካገኘው ልጅ የበለጠ ነጥብ ይሰጠው።

ሠ/ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል አንድ ገጽ ከእንግሊዝኛው ተመርጦ በሰሌዳ ይጻፍና አብረው ያንብቡት። የሚመረጠው ገጽ ዋናው ፍንጭ ያለበት ይሁን። ፍንጩን ፍለጋ ሲል ልጁ የማያውቀውን ቃል ራሱ ይጠይቃል። ቃላት በቃል ከማስጠናት ይህ ይሻላል።

ትምህርት ተቋርጦ ለከረመባቸው ልጆች ይህ ዘዴ በተለይ ይጠቅማል። ወደ ኋላ የቀረውም ወደ ፊት የሄደውም እኩል ይሰማሉ፣ እኩል ይጠረጥራሉ። ማንበብ የተሳነው ልጅ እንኳ ዋናውን ፍንጭ ሊያገኝ ይችላል። ያን ቀን በክፍሉ ፊት ከፍ ብሎ ይታያል፤ በማግሥቱም ራሱ ለማንበብ ይሞክራል።

፭. የፎገራ ምሥጢር

አሁን ወደ ዊልሰን ትምህርት እንመለስ። ካናዳዊው መምህር የልጆቹን አገር በምሥጢር ከሞላ፣ እኛስ ወረታን ምን ከለከለን? ወረታ እኮ የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ የሚያልፍባት፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ የሚነሣባት መገናኛ ናት። ብዙ ሰው ይመጣል፣ ብዙ ዕቃ ይጫናል። ለምርመራ ልቦለድ ከዚህ የተሻለ ቦታ ከየት ይመጣል? ከዚህ በታች ያለውን መነሻ ለሠልጣኞች መለማመጃ እንዲሆን እኛው አዘጋጅተነዋል።

በፎገራ ሩዝ መዝራት በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የሜዳው ኑሮ ተለውጧል፤ ወረታም ዛሬ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት። በታሪካችን ውስጥ አንድ ገበሬ ደመና በሸፈነው ቀን ያልተፈለፈለ ሩዙን ከዐውድማ አንሥቶ ያስመዝናል። ልክ አንድ ኩንታል ይሆናል፤ 100 ኪሎ። ለብዙ ቀናት በሸራ ላይ እየተሰጣ ማታ ማታ ይገባል። የሚጠብቀው አንድ እረኛ ልጅ ነው። ገበሬው ወደ መፈልፈያ ቤት ወስዶ ቢያስመዝነው 93 ኪሎ ይሆናል። ሰባት ኪሎ የት ገባ? ዓይን ሁሉ ወደ እረኛው ዞረ። ይባስ ብሎ ልጁ በዚያው ሰሞን አዲስ ጫማ አድርጎ ታይቷል። በጎተራው አጠገብም የጋሪ ጎማ አሻራ አለ።

ሦስት ተማሪዎች ነገሩን ለማጣራት ይነሣሉ። ጫማውን የገዛለት አጎቱ ሆኖ ተገኘ። ጋሪውም ገለባ የጫነ የጎረቤት ጋሪ ነው። ከዚያ ከሦስቱ አንዷ አንድ ነገር ትዝ አላት፤ በመጀመሪያው ቀን ሩዙን በእጇ ስትዘግነው ርጥብ ነበር። ከሌላ ገበሬ ርጥብ ሩዝ ልክ አንድ ኪሎ አስመዝነው፣ በሸራ አስጥተው፣ ሲደርቅ እንደገና ያስመዝኑታል። ቀንሶ ያገኙታል። ሌባው ፀሐይ ነበር።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከመቶ 20 እጁ ውኃ የሆነ 100 ኪሎ ሩዝ 80 ኪሎ ደረቅ ነገር አለው። ሩዝ ሳይበላሽ ለማስቀመጥ ውኃው ወደ 14 ከመቶ ግድም መውረድ አለበት። ያን ጊዜ 80 ኪሎው ከጠቅላላው 86 ከመቶ ይሆናል። 80ን ለ0.86 ብናካፍል 93 ኪሎ ገደማ እናገኛለን። ሰባቱ ኪሎ አልተሰረቀም፤ ተንኗል። በዚህ ታሪክ አማርኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ በአንድ ላይ ይማራሉ። ሠልጣኞች ሙከራውን በክፍል ውስጥ በጣሳ ሩዝና በሱቅ ሚዛን ማሳየት ይችላሉ።

ልብ በሉ፤ ዋናው ፍንጭ የተሰጠው ገና በመግቢያው ነው፤ ደመና ነበር ተብሏል። ጫማውና የጋሪው አሻራ አሳሳች ፍንጮች ናቸው። አሳሳች ፍንጭ ውሸት መሆን የለበትም፤ እውነት ሆኖ ሌላ ምክንያት ያለው መሆን አለበት። ይህን የተረዳ ሠልጣኝ በሳምንት ውስጥ የራሱን ታሪክ መጻፍ ይችላል። ከጉማራ ማዶ የጠፋች ጊደር፣ ሌሊት የተዞረ የመስኖ ውኃ፣ ምልክቱ የተለወጠ የሽንኩርት ጆንያ፣ ሁሉም መነሻ ይሆናል።

፮. ጥንቃቄ

አንደኛ፣ በታሪኩ ውስጥ የክፍሉ ተማሪ ወይም የአካባቢው ሰው ስም አይግባ። ተጠርጣሪው የአንድ ብሔር፣ የአንድ ሃይማኖት ወይም የአንድ ሙያ ሰው በመሆኑ ብቻ የሚጠረጠርበት ታሪክ አይመረጥ። የቆዩ የምርመራ መጻሕፍት በዚህ ጉድለት ስለሚታሙ መምህሩ አስቀድሞ አንብቦ ያጣራ።

ሁለተኛ፣ ደምና ሬሳ ማብዛት ምርመራ አይደለም። በዚህ ዘመን ልጆቻችን ከበቂ በላይ ፍርሃት አይተዋል። ለታችኞቹ ክፍሎች የጠፋ ዕቃ ይበቃል።

ሦስተኛውና ዋናው መምህሩን ራሱን ይመለከታል። በክፍል ውስጥ «ብዕሬ ጠፋ» የሚል ልጅ መቼም አይጠፋም። ያን ጊዜ ብዙ መምህር የሚያደርገው ይታወቃል። ድሀውን ልጅ ያስነሣል፣ ደብተሩን ያስፈትሻል፣ ወይም ሁሉንም ያንበረክካል። ይህ የሌባሻይ ሥራ ነው። ብዕሩ ማታ ቤት ሊገኝ ይችላል፤ «ሌባ» ተብሎ በጓደኞቹ ፊት የቆመ ልጅ ግን ስሙን የሚያጥብለት የለም። ምናልባትም ትምህርት ቤት መምጣቱን ያቆማል። ሳምንቱን ሙሉ ስለ ማስረጃ ሲተርክ የሰነበተ መምህር፣ በዐርቡ ያለ ማስረጃ ከቀጣ፣ ልጆቹ የሚያምኑት ተረቱን ሳይሆን ዱላውን ነው።

አባቶቻችን «ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር» ይላሉ። ደግሞም «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ልጅ ጥሩ አንባቢ ነው፤ ነገም ጥሩ ዳኛ፣ ጥሩ ሐኪም፣ ጥሩ ጎረቤት ይሆናል። የምርመራ ልቦለድን የምንመክረው ለመዝናኛ ብቻ ብለን አይደለም። ልጁ መጽሐፍ ጨርሶ እንዲያውቅ፣ ፍርድ ከመስጠቱም በፊት መጨረሻውን እንዲጠብቅ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎችና መልመጃዎች

1ኛ/ በእንቆቅልሽና በምርመራ ልቦለድ መካከል ያለውን አንድነትና ልዩነት በቡድን ተወያዩ።

2ኛ/ ከላይ ከተጠቀሱት መጻሕፍት አንዱን ያነበበ ሠልጣኝ ካለ፣ መጨረሻውን ሳይገልጥ በ15 ደቂቃ ለክፍሉ ይተርክ። ሌሎች ሦስቱን ዓምዶች ይሙሉ።

3ኛ/ 25 ከመቶ ውኃ ያለበት 100 ኪሎ ሩዝ ወደ 14 ከመቶ ሲደርቅ ስንት ኪሎ ይሆናል? ሒሳቡን ለ7ኛ ክፍል በሚገባ ቋንቋ አስረዱ።

4ኛ/ በምትመጡበት ወረዳ የሚፈጸም፣ ግድያ የሌለበት፣ ከሁለት ገጽ የማይበልጥ የምርመራ ታሪክ ጻፉ። አንድ እውነተኛና ሁለት አሳሳች ፍንጮች ይኑሩት። ጥሩ ጥሩዎቹ በሚቀጥለው እትም በዚሁ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ፤ መልሳቸው ግን ከሳምንት በኋላ ነው የሚወጣው። እስከዚያ «አገር ስጡን» እንላለን።